ጂግሶ የጠበቃት ድምፅ

ትዝታ የሚጽፈው ጥርሱን የጨረሰ ሰው ነው ይባላል። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ጥርሴም ሙሉ ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን ሰውን የሚያስረጀው ዕድሜው ሳይሆን የገበያው ዋጋ ነው። ዲላ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ በአንድ ብር ጠጥቻለሁ ብዬ ሳወራ፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ሱቄ የሚመጡት ተማሪዎች ስለ ጣሊያን ዘመን የማወራላቸው ይመስል ፈገግ ይላሉ። «ጋሼ፣ ያኔ ሰው ደመወዙን ምን ያደርገው ነበር?» አለችኝ አንዷ ባለፈው። ጋሼ ስትለኝ ነው ይህን ለመጻፍ መብት ያገኘሁ የመሰለኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ግን ሽታ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ለገዳራ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለው አሮጌ የቡና መጋዘን ሊፈርስ ነው፤ ፎቅ ይሠራበታል ተብሏል። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት በዚያ በኩል ሳልፍ ሁለቱ የብረት በሮች ወለል ብለው ተከፍተው የቀረውን ቡና እየጫኑ ነበር። ከውስጥ የቃጫ ጆንያ ሽታ መጣና ፊቴን መታኝ። ግማሹ የደረቀ ሣር ነው፣ ግማሹ ነጭ ጋዝ፣ ከሥሩ ደግሞ ገና ያልተቆላ የታጠበ ቡና። ያን ሽታ ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንገቴ ላይ በሳሙና ማስለቀቅ አቅቶኝ ነበር። አንዲት የወናጎ ልጅ «አንተ ሰው ነህ ወይስ ኩንታል?» ብላ የተለየችኝም በእሱ ምክንያት ነው። እግሬ ቆመ። በመጋዘኑ ደጃፍ የተገተረው ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፤ ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ያለ ስለሆነ ግን የዲላ ሰው ሁሉ ከኋላው ያውቀዋል። ኦሎምፒክ ነው።

ስሙ ጂግሶ ነው። ኦሎምፒክ ያለው ከተማው ነው። ኦሎምፒክ ሄዶ አያውቅም፤ ሊሄድ ግን አንድ በር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ በሩ ላይ ስንደርስ አብሬው ነበርኩ። ስለዚያች ቀን አንድ ግጥም ጽፌያለሁ። ግጥሙ በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ይነበባል፣ በሬዲዮም አንድ ሁለት ጊዜ ተሰምቷል። ዛሬ የምጽፈው ግጥሙ ስለዋሸ ነው።

መጋዘኑ የገባሁት አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ገጣሚ እሆናለሁ ብዬ ከእናቴ ጋር በተኳረፍኩበት ዓመት ነው። ዲላ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ነበረች ብል ውሸት ይሆናል፤ ዝናቧም ጭቃዋም ያው ነው። ግን ባጃጅ ገና ብርቅ ነበረች፤ ሾፌሮቹ የመስታወቷን ዙሪያ በፕላስቲክ አበባ ያስጌጧት ነበር። ማኪያቶ ሦስት ብር፣ የተላጠ አናናስ በሳህን አንድ ብር። ከመናኸሪያው ማዶ ሜሞሪ የሚሞላ ሱቅ ነበር። ለአራት ጊጋ አሥር ብር ከፍለህ የኦሮምኛውን፣ የጌዴኦኛውን፣ የጉራጊኛውን ዘፈንና ከመዝሙሩም የተወሰነ ቀላቅሎ ይጭንልሃል፤ መዝሙርና ዘፈን በአንድ ካርድ አይገባም የሚል ደንበኛ ሲመጣ «እዚያ ውስጥ አይተዋወቁም፣ አይዞህ» ይለዋል ባለሱቁ። ልጆቹ ሱሪያቸውን ዳሌያቸው ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። እኛ ጫኞቹ ጃፖኒ ነበር የምንለብሰው፣ ከአንገቱ በታች በጆንያ ተፍቆ ያለቀ። ዛሬ ያ ጥግ ባንክ ነው። አናናስ ሻጮቹም ወደ ላይኛው መንገድ ተገፍተዋል፤ ዋጋውን አልናገርም፤ ማዘን የፈለገ ሄዶ ይጠይቅ።

የመጋዘን ሥራ ከውጭ ሲያዩት ጉልበት ብቻ ይመስላል። ውስጡ ግን ደንብ ያለበት ነው። ሁለት አሻካሚዎች ጆንያውን ከግራና ቀኝ አንስተው ማጅራትህ ላይ ያስቀምጡልሃል። ከዚያ በኋላ ዓለም ማለት የገዛ እግርህ ጣቶችና ፊት ለፊታቸው ያለች አንዲት ክንድ መሬት ናት፤ ከዚያ ወዲያ አይታይህም። እንደዚያ ሆነህ በሳንቃው ላይ ወጥተህ ወደ መኪናው ትገባለህ፣ ወይም ክምሩ ጋ ትደርሳለህ፤ እዚያ የሚደረድረው ሰው ይጠብቅሃል። አንተ ትቆማለህ። እሱ ቦታውን አይቶ «ልቀቅ» ይላል። ያኔ ታወርዳለህ። ልቀቅ ካልተባለ ቀኑ ቢመሽም አይለቀቅም። በዓይን ጥቅሻ፣ በእጅ ምልክት፣ በ«እሺ» አይለቀቅም፤ በዚያች በአንዲት ቃል ብቻ፣ ከሰው አፍ። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ቡና አይወረወርም የሚለው ነው። ይወርዳል እንጂ አይጣልም።

እነዚህን ደንቦች የሚጠብቀው የጫኞቹ አለቃ ካቦ ወልዴ ነበር። አጭር፣ ቀኝ እግሩን ጎተት የሚያደርግ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ከእነሞር የመጣ ሰውዬ ነው። እግሩ የተሰበረው ከሳንቃ ወድቆ ነው ይሉ ነበር፤ እሱም ሲጠየቅ እንደዚያው ነው የሚለው። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጆንያ ማጅራቴ ላይ ሆኖ ደርዳሪው እጁን ሲያወዛውዝ በጎን በኩል አየሁና ለቀቅኩት። ማንንም አልነካም። ካቦ ግን እያነከሰ መጣ።

«ማን ልቀቅ አለህ?»

«እጁን ሲያወዛውዝ አይቼ ነው ካቦ።»

«እጅ አፍ አለው?»

«የለውም።»

«ሂድ ወደ ቤትህ። ነገ አፍና እጅ ለይተህ ና።»

ስወጣ ጂግሶን አየሁት። በጥንካሬው መጋዘኑን ሁሉ የሚያስንቀው ሰው፣ ከክምሩ ሥር ተቀምጦ ፊቱ አመድ መስሏል። ምነው አመመህ አልኩት። ጆንያ ሊሸከም ተነሳ። ነገሩን ያኔውኑ ረሳሁት፤ ረሳሁት ብዬ አስብ ነበር።

ጂግሶ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከዱመርሶ ነው የመጣው፤ የአባቱ ቡናና እንሰት ለስድስት ወንድማማች አልበቃ ሲል። ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወርድ ነው። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ከሥራ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። አማርኛው ውስጥ ወንዱም ሴቱም ዕቃ እሷ ነው፤ ጆንያዋ፣ መኪናዋ፣ መጋዘኗ። እኔ ለጭነት የምገጥማቸውን ስንኞች ግን እንደ እሱ የሚያዜማቸው አልነበረም።

ዱመርሶ ተለቅሞ፣ ጎቲቲ ላይ ታጥቦ፣
ቡናው ሙሽራ ሆኖ ወጣ በጫኝ ታጅቦ።

«ገጣሚው፣ ሙሽራዋ ስልሳ ኪሎ ናት ብለህ ጨምርባት» ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን አሻካሚዎቹ ምሳ ሄደው መኪናው ሊነሳ አንዲት ጆንያ ቀረች። ጂግሶ ብቻውን ከመሬት ወደ ደረቱ ሳባት፤ ከዚያ ትንሽ ጉልበቱን ሰበር አደረገና ከራሱ በላይ አውጥቶ የመኪናው ጠርዝ ላይ አኖራት። በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ሰው ብስክሌቱን ጥሎ መጣ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አስተማሪ ቲቸር አበራ ነበር፤ በወጣትነቱ ክብደት አንሺ ነበርኩ የሚል፣ ተማሪዎቹ ግን የማያምኑት ቀጭን ሰው።

«እስቲ እንደገና አንሳት» አለ።

«ለምን? ተጭናለች እኮ» አለው ጂግሶ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ቦታ አዘጋጁ። ባርቤሉ ከአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቸርኬዎችና በቀለም ባልዲ ከተሞላ ሲሚንቶ የተሠራ ነው። የወገብ ቀበቶው ቡና ከሚቀሽረው ማሽን የወለቀ ቺንጋ ነበር። ጫማው የሸራ ሆኖ፣ መናኸሪያ በር የሚቀመጠው ሊስትሮ ከዋንዛ የተጠረበ ተረከዝ መታበት። «በዚህ እየተራመድክ ሠርግ እንዳትሄድ» ብሎት ነበር ሲያስረክበው። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ጂግሶ የሚያነሳውን ለማመን፣ ትምህርት ቤቱ ከሚዛን ቤት ባለሙያ ጠርቶ ሲሚንቶውን አስመዘነ።

ቲቸር አበራ ሁለት ነገር ግን ሊያስለቅቀው አልቻለም። አንደኛ፣ ጂግሶ ብረቱን መጣል አይችልም። ሌሎች አንሺዎች ምልክት ሲሰጣቸው ከላይ ይለቁታል፣ ብረቱ ወድቆ ይነጥራል። ጂግሶ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ጭኑ፣ ከጭኑ ወደ መሬት፣ ድምፅ ሳያሰማ ያወርደዋል።

«ጣለው ጂግሶ፤ ብረት ነው፣ አይሰበርም» ይላል ቲቸር።

«መሬቷስ ቲቸር?»

ሁለተኛው ምልክቱ ነው። በውድድር ላይ ብረቱን ከራስህ በላይ አጽንተህ ስትቆም፣ ዳኛው እጁን ወደ ታች ይጥላል፣ ደወልም አብሮ ይጮሃል፤ ያኔ ታወርዳለህ። ቲቸር ፊት ለፊቱ ቆሞ እጁን ይጥላል። ጂግሶ ይቆማል። እጁን ደግሞ ይጥላል። ጂግሶ ይቆማል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። መጨረሻ ላይ እኔ ከጎን «ልቀቅ» እላለሁ፤ ያወርዳል። ሳቅንበት። ቲቸር ዘዴ ፈለገና ከተጋጨች ባጃጅ የወጣ ክላክስ በሞተር ሳይክል ባትሪ አሠርቶ መጣ። በክላክሷ ድምፅ ለመደ። ባትሪው የሞተ ቀን ግን ድምፁ እኔ ነበርኩ። ወደ ማታ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ልቀቅ ስል፣ በአጥሩ ማዶ የሚያልፉ ሴቶች ሰው የሚደበደብ መስሏቸው ቆመው ያዩ ነበር።

ምርጫው ሐዋሳ ሆነ። ያሸነፈ ለአገር ቡድን ይመረጣል፤ ከዚያ ለኦሎምፒክ ማለፊያ ወደሚደረገው የአፍሪካ ውድድር ይሄዳል። የምንሄድ ቀን ጠዋት ካቦ ወልዴ እያነከሰ መናኸሪያ መጣ። ለጂግሶ ሙዝ ሰጠው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔን ግን ወደ ጎን ጠራኝ።

«አንተ ገጣሚ፣ የምትሄደው ለግጥም አይደለም። ድምፁ ነህ።»

«እዚያ ደወል አለ እኮ ካቦ። በመብራት የሚሠራ።»

«መብራት» አለና ሳቀ። «ልጄ፣ ድምፁ ነህ አልኩህ።»

አዳራሹ ሰፊ ነበር፤ ከጣሪያው ሥር ከፍ ብለው የተደረደሩ መስኮቶች ነበሩት። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሐይቁ በኩል ደመና እየመጣ ነበር። ጂግሶ ከአዲስ አበባ ልጆች አጠገብ ሲቆም፣ እነሱ አብረቅራቂ ማልያ፣ እሱ የቡና ማሽን ቺንጋ። አንዱ ተረከዙን አይቶ «ይሄ ጫማ ነው ወይስ በርጩማ?» አለ። «ሁለቱም ናት» አለው ጂግሶ። በመጀመሪያ ሙከራው መቶ ሃያ ኪሎ እንደ ቅርጫት አነሳት። እኔ ራሴን መቆጣጠር አቅቶኝ ብድግ ብዬ ሙሽራዋን አዜምኩ። ከአዘጋጆቹ አንዱ መጣና ጣቱን አፍንጫዬ ላይ ቀሰረ፤ አንሺው ብረት ይዞ ሳለ ከእናንተ በኩል አንድ ድምፅ ከተሰማ ሙከራው ይሰረዛል አለ። ቲቸር አበራ ይቅርታ ጠየቀ፣ እኔንም በክርኑ ጎሸመኝ። ሁለተኛው ሙከራም ተሳካ። ጫማውን በርጩማ ያለው ልጅ መቶ ሃያ ሰባት አንስቶ ጨረሰ። ለጂግሶ የቀረችው አንድ ሙከራ ናት፤ መቶ ሠላሳ። ከዚያ በፊት፣ ከባሕር ዛፎቹም ሥር ቢሆን፣ አንስቷት አያውቅም።

ዓይኑን ጨፈነ፣ ጸለየ፣ ጎንበስ አለ። ከመሬት ወደ ትከሻው ስትወጣ ቀስ ብላ ነው፤ ቁጢጥ ብሎ ተቀበላት፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ከዚያ ጉልበቱን ሰበር አደረገ፤ የዋንዛ ተረከዙ መድረኩን ቧ አደረገው፤ ብረቷ ከራሱ በላይ ነበረች። እግሮቹን ሰበሰበ። ክንዶቹ ቀጥ አሉ። በዚያች ቅጽበት መብራት ጠፋ።

ጨለማ አልሆነም፤ ከላይ ካሉት መስኮቶች ግራጫ ብርሃን ይገባ ነበር። የመካከለኛው ዳኛ፣ ሽማግሌ ሰው፣ እጁን ጣለ። አየሁት። ደወሉ ግን በመብራት የሚሠራ ነበርና አልጮኸም። ጂግሶ ቆመ። ዳኛው እጁን እንደገና ጣለ። ጂግሶ ቆመ። አዳራሹ ውስጥ ለምን እንደቆመ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች፤ በምላሴ ላይ ክብደቷ ይሰማኝ ነበር። ቲቸር አበራ ጭኔን በአምስት ጣቱ ጨምድዶ ይዞ «እንዳትናገር፤ ይሰርዙበታል» አለኝ። ዝም አልኩ። የጂግሶ ግራ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስንት ሴኮንድ እንደሆነ የቆጠረ የለም፤ ሰው እንደጠየቀኝ ቀን አሥርም ሃያም እላለሁ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ዳኛ ከወንበሩ ተነስቶ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለና፣ አባት ለልጁ እንደሚናገረው «በቃ ልጄ፣ አውርድ» አለው።

አወረዳት። ያን ሁሉ ቆሞ፣ እንደ ቡና አወረዳት፤ ወደ ደረቱ፣ ወደ ጭኑ፣ ወደ መሬት፣ ያለ ድምፅ። የግራ ትከሻው ጅማት ከጭኑ ወደ መሬት ባለው መንገድ ላይ እንደተበጠሰ በኋላ ሐኪሞቹ ናቸው የነገሩን። ሦስቱ ዳኞች መብራት ስለሌለ እጃቸውን አነሱ፤ ሦስቱም ጸድቃለች አሉ። በርጩማ ያለው ልጅ መጥቶ አንገቱን አቀፈው። ውጭ ዝናቡ ጀመረ፤ እኛ በዝናቡ ውስጥ ጨፈርን። ጂግሶ በአንድ እጁ ብቻ ያጨበጭብ ነበር፤ ጭኑን እየመታ።

ዲላ በጥሩንባ ተቀበለችው። አረንጓዴ ቱታ ተሰጥቶት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ቱታ ለብሶ፣ ግራ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ተመለሰ። በእሱ ፋንታ በርጩማ ያለው ልጅ ሄደ። ኦሎምፒክ የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው፤ መጀመሪያ ስድብ ነበር። ባጃጅ ሾፌሮች «ኦሎምፒክ፣ ወዴት ነህ? ብራዚል ነው ወይስ ወናጎ?» ይሉታል። «ወናጎ፤ ብራዚል ታክሲዋ ሞላች» ይላቸዋል ሳይቆጣ። ሰው ሳይቆጣ ሲቀር ስድብ ይሰለቻል። ስሙ ቀረ፣ ስድቡ ረገፈ፤ ዛሬ ሕፃናት «ጋሽ ኦሎምፒክ» ይሉታል፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌዎች ወንድም ኦሎምፒክ ይሉታል። እዚያም ሰው ሁሉ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲዘምር እሱ አንድ እጅ ያነሳል፤ ግራዋ ከጆሮው በላይ አትወጣም። ያቺን አንዲት እጅ ከኋላ ወንበር ሆኜ አይቻታለሁ፤ የሁለቱን ያህል ከፍ ትላለች።

እኔ ግጥሙን የጻፍኩት ያን ሰሞን ነው። «እንደ ትክል ድንጋይ ቆመ፣ ለአገሩ ክብር ታመመ» የሚል ነበረበት። ሰው ወደደው፤ ጌዴኦ ውስጥ ድንጋይ ቆሞ መኖሩን ማን አያውቅም። ግጥሙ ውስጥ ግን መብራት አልጠፋም፣ ዝም ያለ ጓደኛም የለም። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ሞያሌ ሄድኩ፣ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ሁለት መጽሐፍ አሳተምኩ፣ አንዱን አይጥ በላው፣ ተመለስኩ። ከጂግሶ ጋር በተገናኘን ቁጥር ሰላም እንባባላለን፣ እንሳሳቃለን፤ ሐዋሳን አንስተን አናውቅም።

እሱ ግን አልተንከራተተም። ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነ። ከዚያ ሦስት የመኸር ወቅት ባንኮ ጎቲቲ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራ። እዚያ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በአንድ እጁ ሲያገላብጥ፣ ሴቶቹ በሁለት እጃቸው እንደማይደርሱበት ይናገሩ ነበር። ካቦ ወልዴ ሲደክም የጠራው እሱን ነው፤ የመጋዘኑ ካቦ አደረገው። ጂግሶ ጫኞቹን ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት እንዲነሱ አስተማረ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያው በሲሚንቶ ባርቤል ያሠለጥናቸዋል። እኔ የማውቃቸው የድሮ ጫኞች በአርባ ዓመታቸው ጎብጠው ነበር፤ የእሱ ልጆች ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። ካቦ ወልዴ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ፣ ጂግሶ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ በቀኝ ትከሻው ይዞ ከቤት እስከ መቃብር ሳይቀየር ሄደ። እንቀይርህ ያሉትን አልሰማቸውም።

ባለፈው ሐሙስ እንግዲህ በመጋዘኑ ደጃፍ ሆኜ ያን ሽታ እየሳብኩ ዝቅ ያለ ትከሻውን ሳይ፣ ሕንፃው ከመፍረሱ በፊት መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። ለምን ከሕንፃው ጋር እንዳያያዝኩት አላውቅም። ጫኞቹ እረፍት ላይ ነበሩ። አጠገቡ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጂግሶ፣ ያኔ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ቃሏ አፌ ላይ ነበረች። አላወጣኋትም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት ታውቃለህ?»

«ከፊት ለፊቴ አልነበርክ? አፍህን ከፍተህ ነበር። ዝንብ ትገባለች ብዬ ፈራሁልህ።»

«የዳኛውንስ እጅ አይተህ ነበር?»

«አይቻለሁ። ሁለቴ ነው የጣላት።»

«ታዲያ?»

በቀኝ እጁ ወደ መጋዘኑ ውስጥ፣ ድሮ ትልቁ ክምር ወደነበረበት ጥግ አመለከተ። «አንተ ከመምጣትህ በፊት ነው። እኔ ገና አዲስ ነበርኩ። ያን ቀን መቀሸሪያዋ ማሽን ትጮህ ነበርና ሰው አይሰማማም። በእጅ ነበር የምንነጋገረው። ጆንያ ይዤ ቆሜ በጎን በኩል እጅ አየሁ፤ ልቀቅ ያለችኝ መሰለኝ። ለቀቅኩ። ካቦ ነበር። ጎንበስ ብሎ ከክምሩ ሥር የተቀደደች ጆንያ እያወጣ፣ ላቡን ሊጠርግ እጁን አነሳ። እግሩ ላይ ወረደች።»

«ከሳንቃ ወደቅኩ ይል ነበር እኮ።»

«እኔ እንዳልባረር ነዋ። ለሚስቱም እንደዚያ ነው ያላት። ልቀቅ የምትለዋን ደንብ ያወጣት ከዚያ በኋላ ነው። እኔን አንድም ቀን ምንም አላለኝም። ሐዋሳ ላይ የዳኛውን እጅ ሳይ፣ ያቺ እጅ መጣችብኝ። ከሥሬ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ፤ እንጨት ናት። ትከሻዬ ግን ከሰው አፍ እስክትሰማ እሺ አላለችኝም።»

ደንቡን ከጥንት የመጣ፣ ከአባቶች የተወረሰ ሁሉ አድርጌ ነበር የማየው። የጂግሶን አመድ የመሰለ ፊት፣ ካቦ መናኸሪያ ላይ ያለኝን፣ ቃሬዛውን፤ አንድ ባንድ አስታወስኩ።

«እኔ ብጮህ ኖሮስ?» አልኩት።

ሊያጽናናኝ አልቸኮለም፤ እንደ ሚዛን ቤት ሰው አሰበበት። «ብትጮህ እለቅ ነበር። ምናልባት ትከሻዬ ትተርፍ ነበር። ምናልባትም ሰርዘውብኝ መቶ ሠላሳን አላነሳህም ይሉኝ ነበር። ቲቸር ዝም በል አለህ፣ ዝም አልክ። አንተም ጆንያ ተሸክመህ ነበር። ልቀቅ ያለህ የለም።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ግጥምህን ግን አስተካክላት። በየዓመቱ ልጆች ይዘው ሲመጡ አፍራለሁ። ለአገር ብዬ አይደለም የቆምኩት።»

«ምን ልበል?»

«የካቦን እግር በል። ለካቦ ልጆችም ለቅሶው ላይ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን መጻፍ ትችላለህ።»

ጫኞቹ ተነሱ። አንዱ ወገቤን ብሎ ቀርቶ ነበርና አንድ ሰው ጎደለ። እኔ ሸሚዜን አወለቅኩ። «ገጣሚው፣ ይቺ እስክሪብቶ አይደለችም» አሉኝ፤ ሳቁብኝ፤ ጆንያውን ግን ማጅራቴ ላይ አኖሩልኝ። ዓለም ወደ ጫማዬ ጫፍ ተሰበሰበች። ሳንቃውን ስወጣ ጉልበቴ ሲጮህ ሰማሁት። መኪናው ውስጥ ደርሼ ቆምኩ። የመኪናው ላሜራ ወለል፣ ጥቂት የረገፈ ቡና፣ ሌላ ምንም አይታየኝም። ከዚያ በዚያች ክንድ በማትሞላ መሬት ላይ የጂግሶ ቀኝ እጅ ገባች። ጎንበስ ብሎ ጆንያው የሚያርፍበትን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ፤ ፍሬውን ጠረገ፤ እጁን አወጣ። አንገቴ ነደደ። ከኋላዬ ያለው ጫኝ «ካቦ፣ ሰውዬው ሊሞት ነው» አለ።

ጠበቅኩ።

«ልቀቅ» አለ ጂግሶ።

አወረድኩት፤ ድምፅ አላሰማም።